ያልረገጥነውን መለካት

ልጆቻችን ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የሚባሉትን ነገሮች ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። አብዛኞቹ «ይህ ነገር ምን ይጠቅመኛል?» ብለው ያጉረመርማሉ። ወላጆችም «ለፈተና ነዋ!» ብለው ያልፉታል። ሌላ ዓይነት ጥያቄ የሚነሳበትም ቤት አለ። ልጅ ከደብተሩ ቀና ብሎ «ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች» ሲል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ከተቀመጠበት ሆኖ «ለመሆኑ ማን ሄዶ ለካው?» ይላል።

ይህ ጥያቄ ያልተማረ ሰው ጥያቄ ተብሎ ይሳቅበታል። ነገር ግን ሊሳቅበት አይገባም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ከልክሎናል፤ ጆሮም፣ ዓይንም፣ ልብም ተጠያቂ መሆናቸውን አስጠንቅቆናል። የሐዲስ ሊቃውንትም አንድን ዘገባ ከመቀበላቸው በፊት ከማን እንደተሰማ፣ ያ ሰው ደግሞ ከማን እንደሰማ ይመረምሩ ነበር። «ማን ሄዶ ለካው?» የሚለው ጥያቄ የዚሁ ጥንቃቄ ልጅ ነው። እንግዲህ ሰው ያልረገጠውን፣ ሊረግጠውም የማይችለውን ስፍራ ርቀት ይህን ያህል ነው ብሎ ለመናገር ምን መብት አለው? መብቱ ካለውስ ምን ዓይነት ኃላፊነት ይከተለዋል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ጥላና ሶላት

መልሱን ከሰማይ ሳይሆን ከመስጊዱ ግቢ እንጀምር። የዐስር ሶላት ወቅት የሚታወቀው በጥላ ነው። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ እኩለ ቀን ላይ የነበረው ጥላ ተቀንሶ፣ የአንድ ነገር ጥላ ከቁመቱ ጋር እኩል ሲሆን ዐስር ይገባል። በኢማም አቡ ሐኒፋ ዘንድ ደግሞ የቁመቱ እጥፍ ሲሆን ነው። አንድ ዘንግ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገን ብንተክል፣ ዘንጉ አንዱ ጎን፣ ጥላው ሁለተኛው ጎን፣ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ጥላው ጫፍ የሚወርደው ጨረር ሦስተኛው ጎን ይሆናሉ። ዘንጉና መሬቱ የሚገናኙበት ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ ነው። ልጃችን «ምን ይጠቅመኛል?» ያለው ጎነ ሦስት ይህ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ በየቀኑ ሲሰግዱበት ኖረዋል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናትና በነሐሴ መገባደጃ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ በአናታችን ትቆማለች፤ የዘንጉም ጥላ ይጠፋል። በእነዚያ ቀናት ከሰዓት በኋላ ጥላው ከዘንጉ ቁመት ጋር ሲስተካከል ፀሐይ ከአድማስ በላይ 45 ዲግሪ ላይ ናት። ወደ ፀሐይ የሄደ የለም። ሆኖም መሬት ላይ ሁለት ርዝመቶችን ለክተን የፀሐይን ከፍታ በዲግሪ ዐወቅን።

ዛሬ ታንጀንት የምንለውን ስሌት የጥንት ሙስሊም ሊቃውንት «ዚል»፣ ማለትም «ጥላ» ይሉት ነበር። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐበሽ አል-ሓሲብ የጥላ ሰንጠረዥ ካዘጋጁት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ነው። (ስሙ እንዳያሳስተን፤ ሀገሩ በማዕከላዊ እስያ የምትገኘው መርው ናት።) «ሳይን» የሚለው ቃልም የረዥም ጉዞ ታሪክ አለው። ከህንድ ሊቃውንት ተነሥቶ በዐረብኛ «ጀይብ» ተብሎ ተጻፈ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም ተርጓሚዎቹ ቃሉን በልብስ እጥፋት ትርጉሙ ወስደው «ሲኑስ» አሉት። ስለዚህ ይህን ዕውቀት አንድ ሕዝብ ብቻውን «የእኔ ነው» ሊለው አይችልም። ግሪኩ፣ ህንዱ፣ ሙስሊሙና አውሮፓዊው ተቀባብለውታል። ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጋገር አማና ነውና።

አንድ ጎን በእግር፣ አንድ ማዕዘን በዓይን

ዘዴው በአጭሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ሚናራ ግርጌ 20 ሜትር ርቀን ቆምን እንበል። ጫፉን ለማየት 45 ዲግሪ ቀና ካልን፣ የሚናራው ጫፍ ከዓይናችን በላይ 20 ሜትር ነው። ሃያውን ሜትር በእግራችን ሄደናል። አርባ አምስቱን ዲግሪ በዓይናችን አንብበናል። ሚናራው ላይ ግን አልወጣንም። አንድ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ በሆነ ጎነ ሦስት ውስጥ አንድ ጎንና አንድ ተጨማሪ ማዕዘን ከታወቁ፣ የቀሩት ጎኖች ሁሉ ይታወቃሉ።

እንግዲህ «ማን ሄዶ ለካው?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ፦ ወደ ፀሐይ የሄደ የለም፤ መነሻውን መስመር ግን በእርግጥ የሄደበት፣ ማዕዘኑንም በእርግጥ ያነበበ ሰው አለ የሚል ነው። የመናገር መብቱ የመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ኃላፊነቱም ያለው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው። መነሻው ከተዛባ ወይም ማዕዘኑ በግምት ከተነበበ፣ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ስሌት የቱንም ያህል ቢያምር ውጤቱ ውሸት ይሆናል።

አል-ቢሩኒ በናንዳና

እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም የተወለደው አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ የምድርን መጠን የለካበትን መንገድ ብዙዎቻችን በኩራት እናወራለን። ዛሬ በፓኪስታን ፑንጃብ በሚገኘው በናንዳና ምሽግ አጠገብ ሰፊ ሜዳን ቁልቁል የሚያይ ተራራ አለ። አል-ቢሩኒ በመጀመሪያ ሜዳው ላይ ሆኖ የተራራውን ቁመት በማዕዘን ለካ፤ 652 ክንድ ያህል ሆነ። ቀጥሎ ተራራው ላይ ወጥቶ አድማሱን ተመለከተ። አድማሱ ከዓይኑ ትይዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዝቅታው 34 ደቂቃ፣ ማለትም ከአንድ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ግማሽ ነበር። (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው።) ከተራራው ጫፍ ወደ አድማሱ የሚሄደው የዓይን መስመር መሬትን በሚነካበት ቦታ፣ ከምድር እምብርት ከሚወጣው መስመር ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ይኸው ያው ጎነ ሦስት እንደገና መጣ። ከዚህ ተነሥቶ አል-ቢሩኒ ከምድር እምብርት እስከ ገጿ ያለውን ርቀት 12.8 ሚሊዮን ክንድ ያህል አገኘው። ክንዱን ወደ ግማሽ ሜትር ገደማ ብንወስደው፣ ዛሬ ከሚታወቀው 6,371 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም።

ብዙ ጊዜ ወሬው እዚህ ላይ ይቆማል። ትልቁ ትምህርት ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ዘዴ እጅግ ስስ ነው። ያቺ ማዕዘን በአንዲት ደቂቃ ብቻ ብትዛባ የምድር መጠን 350 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይዛባል። በዚያ ላይ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ንባቡን ያሳስታል። አል-ቢሩኒ በራሱ ዘዴ እጅግ ሊኩራራ የሚችል ሰው ነበር። ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመታት በፊት በኸሊፋው አል-መእሙን ትእዛዝ የወጡ ሊቃውንት በምድረ በዳ ገመድ እየዘረጉ፣ የሰሜን ዋልታ ከፍታ በአንድ ዲግሪ እስኪለወጥ ድረስ በእግራቸው ተጉዘው ለክተው ነበር። አል-ቢሩኒ ውጤቱን ከእነርሱ ውጤት ጋር አስተያየው፤ መቀራረቡንም ገለጸ። ከዚያም መሣሪያቸው የተሻለ፣ ድካማቸውም የበረታ ስለነበር የእነርሱን ቁጥር እንደሚከተል ጻፈ።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ይህን እናስተውል። አንድ ሰው አንድ ተራራና አንድ ማዕዘን ብቻ ይዞ ምድርን ለካ። ከዚያም «የሌሎቹ ይሻላል» አለ። በአል-ቢሩኒ ስሌት የምንኮራውን ያህል በዚህ ቃሉ መኩራት ይገባናል። ስሌቱን ዛሬ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። የራስን ውጤት ከእውነት በታች ማስቀመጥ ግን በየትኛውም ክፍል ፈተና አይሰጥበትም።

የሦስት ዲግሪ ዋጋ

ከአል-ቢሩኒ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ አርስጣርኮስ የሚባል የሳሞስ ደሴት ግሪካዊ የፀሐይን ርቀት ለማወቅ ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው። ጨረቃ ልክ ግማሽዋ በርቶ በምትታይበት ሰዓት፣ ከፀሐይ ወደ ጨረቃ የሚመጣው መስመርና ከጨረቃ ወደ እኛ የሚመጣው መስመር 90 ዲግሪ ይሠራሉ። የሚቀረው እኛ ካለንበት ሆነን በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለውን ማዕዘን ማንበብ ብቻ ነው። እርሱ 87 ዲግሪ አለው። በዚህም ፀሐይ ከጨረቃ 19 እጥፍ ያህል ትርቃለች ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ።

ትክክለኛው ማዕዘን ግን 89.85 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ሦስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ የፀሐይ እውነተኛ ርቀት ከጨረቃ ርቀት 19 ሳይሆን 390 እጥፍ ያህል ነው። ሐሳቡ ትክክል፣ ስሌቱ ትክክል፣ ጎነ ሦስቱ ትክክል! ጥቂቷ ንባብ ስታጎድል ግን መደምደሚያው ሃያ እጥፍ አጎደለ።

ከዚህ የሚብሰው በኋላ የሆነው ነው። በጥሊሞስ በሌላ መንገድ ሄዶ ፀሐይ በምድር ሬዲየስ 1,210 እጥፍ ትርቃለች አለ፤ ይህም ከቀድሞው ግምት ጋር የሚገጥም ነበር። (እውነተኛው 23,500 እጥፍ ያህል ነው።) ሁለት ትልልቅ ስሞች ስለተስማሙ ብዙዎች ቁጥሩን ተቀበሉት። ከእኛም ሊቃውንት ጥቂት ያልሆኑት ከዚያው ጋር የተቀራረበ ቁጥር ይዘው ቀጠሉ። ስሕተቱ እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ፣ ከ1,800 ዓመታት በላይ ኖረ። ይህ ተቅሊድ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚሰጠው ማየት ነው። ስለ አንድ ሰው የተወራ ወሬ «እገሌም ብሏል፣ እገሌም ብሏል» እየተባለ ሲጸና ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። የሚደጋግሙት ሰዎች ብዛት ማዕዘኑን እንደገና አያነበውም።

በአንዱ ላይ ሌላው

ስሕተቱ የታረመው ሰዎች እንደገና መነሻ መስመር ሲዘረጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1672 ማርስ በአንድ ወቅት ከፓሪስና በደቡብ አሜሪካ ከምትገኘው ከካየን ታየች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት የጎነ ሦስቱ መነሻ ሆነ። ከዚህም የፀሐይ ርቀት ወደ 140 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ተገመተ። ዛሬ የሚታወቀው 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።

ቀጥሎ ይህ ርቀት ራሱ ለከዋክብት መነሻ ሆነ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር፣ አንድን ቅርብ ኮከብ በስድስት ወር ልዩነት ብንመለከተው ከሩቆቹ ከዋክብት አንጻር ትንሽ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ፀሐይ፣ ምድርና ኮከቡ ባለ 90 ዲግሪ ጎነ ሦስት ይሠራሉ። ችግሩ ማዕዘኑ እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ ቴሌስኮፕ ከመፈልሰፉ በፊት ከነበሩት ሁሉ የላቀ ተመልካች ነበር። ያን እንቅስቃሴ ፈልጎ ስላጣው ምድር አትንቀሳቀስም አለ። እንቅስቃሴው ግን ነበረ፤ ያልነበረው ሊያሳይ የሚችል መሣሪያ ነው። ሊቃውንቶቻችን «አለማግኘት አለመኖርን አያስረዳም» ማለታቸው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ጀርመናዊው ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1838 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ለክቶ ውጤቱን አሳወቀ። ማዕዘኑ የአንድ ሴኮንድ ሲሦ ያህል ነበር። (አንድ ዲግሪ 3,600 ሴኮንድ ነው።) ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቲም ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሲታይ የሚኖረው ማዕዘን ማለት ነው። ኮከቡ ከ11 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። ዛሬ ማታ የምናየው ብርሃኑ ጉዞውን የጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ሕዋ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተላከችው ሂፓርኮስ የተባለች የአውሮፓ ሳተላይት ከ118,000 በላይ ከዋክብትን ለካች። እ.ኤ.አ. በ2013 የተላከችው ጋያ ደግሞ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ስትመለከት ቆይታ፣ እስከ 2022 በወጣው መዝገቧ ብቻ ከ1.4 ቢሊዮን ለሚበልጡ ከዋክብት እንዲህ ያለ ማዕዘን አቅርባለች። ከዚያ ወዲያ ያሉ ጋላክሲዎች በሌሎች መንገዶች ይለካሉ፤ እነዚያም መንገዶች የሚነሡት በጎነ ሦስት ከተለኩት ከዋክብት ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱን እንመልከት። የምድር መጠን ለፀሐይ፣ የፀሐይ ርቀት ለከዋክብት፣ ከዋክብት ለጋላክሲዎች መነሻ ሆኑ። ከታች አንድ ቀለበት ቢታለል ማታለሉ እስከ ላይ ይወጣል። የሐዲስ ኢስናድ ባንድ ሐሰተኛ ዘጋቢ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ የሰማይም ርቀት ገመዱን አሳጥሮ በያዘ አንድ ሰው እጅ ሊወድቅ ይችላል።

ሚዛኑ አንድ ነው

በሱረቱ አር-ረሕማን ውስጥ ፀሐይና ጨረቃ በስሌት እንደሚሄዱ ይነገረናል። ወዲያው ሰማይ ከፍ መደረጉና ሚዛን መቀመጡ ይጠቀሳል። ከዚያም በሚዛን ወሰን እንዳናልፍ፣ እንዳናጎድልም እንታዘዛለን። የሰማይ ስሌትና የገበያ ሚዛን በአንድ ትንፋሽ መነገራቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ኮከብ የሚለካና ቡና የሚመዝን ሰው የታዘዙት አንድ ትእዛዝ ነው። በማዕዘን ላይ አንዲት ደቂቃ መጨመርና በሚዛን ላይ አንዲት ጣት ማሳረፍ አንድ ዓይነት ክሕደት ናቸው። ልዩነቱ ባለ ሱቁ ያጎደለው አንድ እፍኝ ስኳር ብቻ ሆኖ መታየቱ ነው። በአኼራ ግን የትንሿ ማዕዘን ስፋት እስከ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል?

ከዚህ ለእኛ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ስለ ቁርአን ያለን አደብ ነው። አንዳንድ ወንድሞች ከቀና ልብ በመነሣት፣ ሳይንስ ዛሬ ያገኘውን ቁጥር ሁሉ በአንድ አያ ላይ ለማንጠልጠል ይቸኩላሉ። ከሺህ ዓመት በፊት አንድ ሰው «ፀሐይ ከጨረቃ 19 እጥፍ ትርቃለች» የሚለውን ይዞ «ይህ በቁርአን አለ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥሩ ሲወድቅ በሰዎች ልብ ውስጥ ምን ይወድቅ ነበር? የአላህ ቃል የሰው መሣሪያ በተሻሻለ ቁጥር የሚለወጥ ድጋፍ አያሻውም። ቁርአን እንድንመለከትና እንድናስተነትን አዝዞናል፤ የመለካቱን ድካምና ተጠያቂነት ለእኛ ትቶታል።

ሁለተኛው ስለ አንደበታችን ነው። የጋያ መዝገብ ለእያንዳንዱ ኮከብ ማዕዘኑን ብቻ አይሰጥም፤ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም አብሮ ይጽፋል። እንዲያውም በንባብ መዛባት ምክንያት ከዜሮ በታች የወጡ፣ እንደ ርቀት ትርጉም የሌላቸው ቁጥሮች ሳይደበቁ በመዝገቡ ተቀምጠዋል። እኛስ? በሰው ክብር ላይ ስንናገር፣ ፈትዋ ስናስተላልፍ፣ ያልተጣራ ዜና ስንቀባበል «እስከዚህ ዐውቃለሁ፤ ከዚህ በላይ አላውቅም» እንላለን? ከቀደምት ዑለማእ «አላውቅም» ማለትን እንደ ነውር ያላዩት ብዙ ናቸው። ዛሬ ይህን አደብ በኮከብ ቆጣሪ ማሽን መዝገብ ውስጥ አግኝተን በራሳችን ማዕድ ላይ ካጣነው ያሳፍራል።

መለካት ግርማን ይቀንሳል ብለው የሚሰጉም አሉ። ታሪኩ ተቃራኒውን ይናገራል። የበጥሊሞስ ተከታዮች ከዋክብት የተሰደሩበት ሰማይ በምድር ሬዲየስ 20,000 እጥፍ ያህል እንደሚርቅ ያስቡ ነበር። የፀሐይ እውነተኛ ርቀት ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። በጥንታውያን ልብ የነበረው ሰማይ በሙሉ እስከ ፀሐይ እንኳ አይደርስም ነበር ማለት ነው። ሰማይን ያሳነሰው ግምት ነው፤ ያሰፋው ልኬት ነው። በሱረቱል ዋቂዓ አላህ በከዋክብት መገኛዎች ሲምል፣ ብናውቅ ኖሮ ታላቅ መሐላ መሆኑን ያስታውሰናል። ጥቂት ማወቅ የጀመረ ሰው ሱጁዱ ሊረዝም እንጂ ሊያጥር አይገባም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ወይም ልጅታችሁ ያንን ጎነ ሦስት ይዘው ሲመጡ በፈተና ስም አታባርሯቸው። ቀጥ ያለ ዘንግ ስጧቸውና በግቢው ውስጥ የዐስርን ጥላ ይለኩ። ያገኙትን ከሶላት ሰዓት ሰሌዳው ጋር ያስተያዩ። ልዩነት ሲያገኙ ቁጥሩን ከሰሌዳው ጋር ለማስማማት እንዳይቀይሩት፣ ያነበቡትን እንዳነበቡት እንዲጽፉ ንገሯቸው። በአንዲት ጥላ ላይ ያልዋሸ ልጅ ነገ ገንዘብም፣ ምስክርነትም፣ ዲንም ቢሰጡት የሚታመን ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።

ወሏሁ አዕለም።